ፍሬን የሌለው ሞተር ብስክሌት



500 ሲሲ ሞተር ያለው፣ በሜታኖል የሚሠራ፣ ማርሹ አንድ ብቻ የሆነ ሞተር ብስክሌት ነድፎ ፍሬን ሳያበጅለት የሚያቀርብ ባልደረባ ቢመጣ፣ ሥራውን የምንቀበለው አይመስለኝም። ስፒድዌይ በሚባለው ስፖርት ግን አራት ተወዳዳሪዎች በዚሁ ዓይነት መኪና፣ አፈር በለበሰ ሞላላ ሜዳ ላይ፣ የኋላውን ጎማ እያንሸራተቱ አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ። ፍሬን የተነፈገው በቸልተኝነት አይደለም። የፊተኛው ድንገት ቢገታ ከኋላው የሚከንፈው መሸሻ ያጣልና ነው። እንግዲህ የአንዱ ሕይወት በከፊል በተፎካካሪው እጅ ናት።

የስፖርቱ ወዳጆች በተገናኙ ቁጥር የሚያነሡት አንድ ትዝታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በፖላንድ፣ በኾዡፍ ከተማ፣ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የኒውዚላንዱ ኢቫን ሞገርና ፖላንዳዊው የዢ ሽቻኪየል እኩል 13 ነጥብ አግኝተው ለብቻቸው እንደገና ተጋጠሙ። ሞገር ለመቅደም ሲጣጣር የሽቻኪየልን የኋላ ጎማ ነክቶ ወደቀ፤ ድሉም ለባለአገሩ ሆነ።

«ዕድል ነው» የሚሉ ዛሬም አሉ። እኔ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አልስማማም። ሽቻኪየል በ1971 ከአንድዤይ ቪግሌንዳ ጋር የጥንድ ሻምፒዮናውን አንድ ነጥብ እንኳ ሳያስነጥቅ ያሸነፈ ሰው ነው። በዚያች ግጥሚያም ፊት የነበረው እርሱ ነበር፤ ፍሬን በሌለበት ሜዳ ርቀቱን መመጠን ደግሞ የኋለኛው ፈንታ ነው። ሞገር እስከ 1979 ድረስ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ክርክሩ ግን ዛሬም ያመለጠችው ሰባተኛዋ ላይ ነው።