ሐኪም ቤት ሲሠራ ማን ይታሰብ?



በሽተኛን የሚያድነው መድኃኒትና የሐኪም እጅ ብቻ ነው ብለን ብዙዎቻችን እናስባለን። ነገር ግን የተኛበት ቤትም የራሱ ድርሻ አለው።

በፊንላንድ አገር፣ በፓይሚዮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. የተከፈተውን የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል የነደፈው አልቫር አልቶ፣ በሽተኛው ተጋድሞ የሚውል መሆኑን አሰበ። ስለዚህ ኮርኒሱን ዓይን በማያደክም ቀለም አስቀባ፤ መብራቱን ከበሽተኛው ዓይን አራቀ፤ መታጠቢያውንም የውሃው ድምፅ የጎን ባልንጀራውን እንዳይረብሽ አድርጎ ሠራው።

ሮጀር ኡልሪክ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ በፔንሲልቬንያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች አነጻጸረ። እኩሌቶቹ በመስኮታቸው ዛፍ፣ እኩሌቶቹ የጡብ ግድግዳ ያዩ ነበር። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻም በጥቂቱ ወሰዱ።

በአገራችንስ? በአገራችን በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። እናቱ ወይም ወንድሙ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ አጠገቡም ሆኖ ያስታምመዋል። እንግዲህ ለአስታማሚ ስፍራ ያልታሰበበት ክፍል፣ መስኮቱ ሰፊ ቢሆንም፣ ለእኛ ጐደሎ ነው። በኮሪደር ወለል ላይ ያደረ አስታማሚ ሲደክም፣ ድካሙ ለበሽተኛው ይተርፋልና።

ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስና ሐኪም የምንሆን አለን። ያን ጊዜ ፕላን ከማጽደቃችን በፊት፣ በሽተኛው ከአልጋው ምን ያያል፣ አስታማሚውስ የት ያርፋል ብለን እንጠይቅ። መጠየቁ ወጪ የለውም፤ ከተገነባ በኋላ ማፍረስ ግን ብዙ ያስወጣል።

እግዚአብሔር ለዚህ ያብቃን።