የጋሼ ሦስት ቾኮች

  የዛሬው ወሬ ትንሽ ያልተለመደ ነው፤ ስለ ሾትጋን ነው። አትሳቁ፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሐምሌ ፈተናዬን ጨርሼ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እናቴና የአክስቷ ልጅ ከጎንደር ተነስተው በእግር ነው አብረው ሱዳን የገቡት። እሷ በ1984 ወደዚህ መጣች፤ እሳቸው ካምፕ ቆይተው አሜሪካ ገቡ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ኦሮራ ሐበሻ የሞላበት ከተማ ነው፣ እንጀራ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ጋሼ ከባለቤታቸው፣ ከልጃቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት።

እኔ ከመድረሴ በፊት ሌባ በሌሊት የጎረቤታቸውን በር ሰብሮ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እንቅልፍ አጡ። ሄደው ያገለገለ ሬሚንግተን 870 ገዙ። የሸጠላቸው ሰውዬ ሦስት አጫጭር የብረት ቱቦ በከረጢት ጨምሮ ሰጣቸው። ማታ ቡና ላይ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉትና፣ «አንቺ ወታደር አልነበርሽም? ለቤት የሚሆነው የትኛው ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ጻሃል ውስጥ የያዝኩት ኤም 16 ነው፣ ይሄን ነክቼ አላውቅም» አልኳቸው።

«ታዲያ ተማሪ አይደለሽ? አንብቢልኛ!»

አነበብኩላቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሾትጋን እንደ ኤም 16 አንድ እርሳስ አይደለም የሚተፋው። አንዱ ጥይት ውስጥ ብዙ የእርሳስ ፍሬ አለ። ለቤት መከላከያ ብዙ ሰው የሚገዛው፣ ደብል ኦት የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ፍሬ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ፍሬ 8.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ሽምብራ ያህል በሉት። ቾክ ማለት ደግሞ አፈሙዙ ጫፍ ላይ እየተሽከረከረ የሚገባ ማጥበቢያ ነው። ሲጠብ ፍሬዎቹ ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ ሲሰፋ ቶሎ ይበተናሉ።

ሲሊንደር የሚባለው ምንም አያጠብም። ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ሞዲፋይድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ፉል ደግሞ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ያጠብባል። የጋሼ ከረጢት ውስጥ የነበሩት ሲሊንደር፣ ሞዲፋይድና ፉል ናቸው። የሚለኩት በ40 ያርድ፣ በእኛ 36 ሜትር ተኩል ላይ ነው። 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ውስጥ ፉል ከፍሬዎቹ 70 በመቶ ያህሉን ያስገባል፣ ሲሊንደር 40 በመቶ ያህሉን። ግን ይሄ የአደን መለኪያ ነው፣ ለሚበር ወፍ የወጣ። 36 ሜትር ኮሪደር ያለው ቤት ማን አለው?

ሜትር አምጥተን ለካን። ከጋሼ መኝታ በር እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ስድስት ሜትር ተኩል። ከዚያ በላይ ርቀት ቤቱ ውስጥ የለም።

እሁድ ጠዋት ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄድን። ካርቶን በስድስት ሜትር ተኩል ላይ ሰቅለን ሦስቱንም በየተራ ሞከርናቸው። ቾክ ስትቀይሩ መጀመሪያ ጥይቱን አውጡ፣ ከዚያ መውጣቱን ደግማችሁ እዩ፤ እጃችሁ አፈሙዙ ፊት ነው ያለው። ቾክ የሚገባበትን አፈሙዝ ባዶውን መተኮስም አይገባም፣ ጥርሱ ይበላሻል። እና ስለግ የሚባለውን ነጠላ ትልቅ እርሳስ በፉል አትተኩሱ፣ ለሱ ክፍት የሆነው ነው የሚሻለው።

ሰው ሁሉ «ሾትጋን ማነጣጠር አይፈልግም፣ በሩን ሙሉ ይሞላዋል» ሲል ሰምታችኋል አይደል? ጋሼም እንደዚያ ነበር የሚያስቡት። ሲሊንደሩ ካርቶኑ ላይ የተወው የመዳፌን ያህል ነው። ሞዲፋይዱ የጡጫዬን ያህል፣ ፉሉ ከዚያ ትንሽ ያነሰ፣ ቀዳዳዎቹ ተያይዘው። በቃ። ጋሼ ካርቶኑን ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ «ለዚህ ነው ሳምንት ሙሉ የተጨነቅኩት?» አሉ። እኔ እንደገባኝ ቤት ውስጥ የቾክ ልዩነት የጣት ስፋት ነው። ከቾኩ ይልቅ የጥይቱ ዓይነት ሊለያይ ይችላል፣ ስለዚህ የምትጠቀሙበትን ጥይት ራሱን በራሳችሁ ጠመንጃ ሳትሞክሩ ምንም አትወስኑ። ዘጠኙም ፍሬ የት እንደሚያርፍ ካወቃችሁ ሲሊንደርም ሞዲፋይድም ይበቃል።

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ማታ ተመልሰን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መጨረሻ ያለውን ግድግዳ በጣቴ ቆረቆርኩት። ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። የአሜሪካ ቤት አብዛኛው እንጨት ነው፣ ላዩ ላይ ጌቬስ የለበሰ፤ አማርኛው ጂፕሰም ይመስለኛል። እኛ ብሎክና ኮንክሪት ውስጥ ነው ያደግነው፣ ግድግዳ ግድግዳ ነው። እዚያ ግን ደብል ኦት አንዱን ጂፕሰም ብቻ አይደለም፣ ብዙውን ይበሳል። ደቃቅ የወፍ ጥይት የሚመክሩ አሉ፤ እሱም በቅርብ ከሆነ ጂፕሰም ያልፋል። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ደግሞ የልጆቹ አልጋ ነው ያለው። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው።

«ጋሼ፣ ከበርዎ ላይ ቆመው ቢተኩሱና አንድ ፍሬ ቢስት ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ግድግዳውን ያዩታል፣ ጠመንጃውን ያዩታል። ኮሎራዶ ውስጥ ከ1985 ጀምሮ ቤቱ ሰብሮ ለገባ ሰው የቤቱን ባለቤት የሚከላከል ሕግ አለ፣ ጋሼ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ግን ያ ሕግ ስለ ሌባው ነው። የሳተ ፍሬ ሕግ አያነብም።

ባለቤታቸው ናቸው ነገሩን የፈቱት። እኔ ስለ ማማዳችን እያወራሁላቸው ነበር፣ ሲረን ሲጮህ እንዴት ሁላችንም ተሯሩጠን አንድ ክፍል ገብተን በሩን እንደምንዘጋ። «ታዲያ እኛስ ለምን እንደዚያ አናደርግም?» አሉ። በማግስቱ አልጋዎቹን አዛወርን። ልጆቹና እናታቸው የጋሼ መኝታ አጠገብ ያለውን ክፍል ያዙ። ድምፅ ከተሰማ ሁሉም ጋሼ ክፍል ይገባል፣ በሩ ይቆለፋል፣ 911 ይደወላል። ጋሼ ኮሪደር ላይ አይወጡም። ከቆሙበት ወደ በሩ ሲያዩ ኋላው የጓሮው የጡብ ግድግዳ ነው፣ ሰው የማይተኛበት። ለዚህ ሲሊንደሩን ገጠሙ።

ጠመንጃው መጀመሪያ የነበረው አልጋ ሥር ነው፣ ጎርሶ። ልጅ ባለበት ቤት መቆለፍ ኮሎራዶ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ ግዴታ ነው። አሁን ቁልፍ ያለው ሣጥን ገዝተዋል። እዚህ ላይ እኔም ዝም አላልኩም፤ ጻሃል በ2006 ብዙ ወታደሮች ቅዳሜን መሣሪያ ይዘው ቤት እንዳይሄዱ ሲያደርግ፣ በወታደሮች መሀል ራስን ማጥፋት 40 በመቶ ቀንሷል። ነገርኳቸው። «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም» አሉ። የእያንዳንዱ ቤት ሰው እንደዚያ ነው የሚለው፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። ተቆጡኝ። ማታ ግን ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አየሁ።

ከጥቅምት 7፣ 2023 በኋላ እዚህም ብዙ ጓደኞቼ የሽጉጥ ሪሺዮን አውጥተዋል። የትኛው ሽጉጥ፣ የትኛው ሆልስተር፣ ሰዓታት ሲከራከሩ እሰማለሁ። የትኛው ግድግዳ ጀርባ ማን እንደሚተኛ፣ ሣጥኑ የት እንደሆነ ሲከራከሩ አልሰማሁም። ቤታችሁ መሣሪያ ካለ፣ ሜትር ይዛችሁ በቤታችሁ ዙሩና ያገኛችሁትን ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አነባለሁ።

ፉሉ ቾክ? ጋሼ ለማስታወሻ ብለው ሰጡኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጣጣ እንዳይሆን ብዬ መልሼ ሰጠኋቸው። ቻው፣ ሻቡዓ ቶቭ።