መደርደሪያው ለማን ነው? ስለ ትምህርት ቤት መጻሕፍት አደራደር



ተማሪ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የሚያስተናግደን በመስኮት ነበር። መስኮቱ ላይ ጣውላ ተመትቷል፤ ከጣውላው ማዶ ሠራተኛው፣ ከሠራተኛው ጀርባ ደግሞ መጻሕፍቱ ይታያሉ። አንድ ቀን ተራዬ ደርሶ «ልብ ወለድ ፈልጌ ነበር» አልሁት። «ስሙን ንገረኝ» አለኝ። ዐይቼው የማላውቀውን መጽሐፍ ስም ከየት ላምጣ? «አስበህ ና» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚያ መስኮት የተነሣ ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ኋላ፣ እኔም ከመጻሕፍት ጋር መዋል ስጀምር፣ ነገሩ ገባኝ። ያ ሁሉ መጽሐፍ በንብረት መረከቢያ ቅጹ፣ በሞዴል 19፣ ገቢ ተደርጎ በእሱ ስም ተመዝግቧል። አንዱ ቢጎድል ተጠያቂው እሱ ነው። መቶ ልጅ ቢያነብለት የሚያመሰግነው የለም፤ አንድ መጽሐፍ ቢጠፋበት ግን ከደመወዙ ይቆረጣል። እናንተ ብትሆኑ አትቆልፉም?

ቁልፉ የቆየ ታሪክም አለው። የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ ከችካል ላይ ይንጠለጠል፣ ወይም በዕቃ ቤት ይቀመጥ የነበረው፣ ለአንዱ መጽሐፍ የስንት ከብት ቆዳና የስንት ወር የጸሐፊ ድካም ስለሚፈስስበት ነው። እሱን መጠበቅ ተገቢ ነበር። የአራተኛ ክፍል ልጅ የሚያነበው ስስ የተረት መጽሐፍ ግን ንዋየ ቅድሳት አይደለም። እያነበቡ የሚጨርሱት፣ ሲያልቅም ሌላ የሚገዙለት ዕቃ ነው። ስለዚህ መደርደሪያ ስናቆም መጀመሪያ የምንወስነው ስለ ቁጥር ሳይሆን ስለ በሩ ነው፤ ልጁ ገብቶ በገዛ እጁ ይመርጣል ወይስ በመስኮት ይለምናል? በመስኮት ከሆነ መጻሕፍቱ በምንም ዓይነት ይደርደሩ፣ ለውጥ የለውም።

በሩ ተከፈተ እንበል። ልጁ ምን ያያል? እኔ በብዙ ቦታ ያየሁት የመማሪያ መጽሐፍ ክምር ነው። አንድ ዓይነት የኬሚስትሪ መጽሐፍ በመቶዎች ቅጂ ተደርድሮ ሦስት መደርደሪያ ይዟል፤ የሚነበቡት መጻሕፍት ማዕዘን ላይ በካርቶን ናቸው። የመማሪያ መጽሐፍ ቦታው ንብረት ክፍል ነው፤ መስከረም ላይ ይታደላል፣ ሰኔ ላይ ይመለሳል። ለማጣቀሻ ከየዓይነቱ ጥቂት ቅጂ ማስቀረት ይበቃል። ከውጭ በልግስና የሚመጣውም ካርቶን እንዲሁ መበጠር አለበት። ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ የተላከልን ስለሆነ ብቻ ቦታ ሊይዝ አይገባም። ይህን ስል ለጋሾችን የሚያስቀይም ይመስላል፤ ግን ይባል።

አሁን ወደ አመዳደቡ እንምጣ። አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአሥርዮሽ አመዳደብ እውቀትን ሁሉ በአሥር ከፍሎ ከ000 እስከ 900 ቁጥር ይሰጠዋል። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ግን የተቆረጠው በሱ አገር ልክ ነው። የሥነ ጽሑፉን ክፍል ተመልከቱ። ከ810 እስከ 880 ያለው ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለጀርመን፣ ለፈረንሳይና ለመሰሎቻቸው፣ ለጥንቶቹ ሮማይስጥና ግሪክም ጭምር ተከፋፍሏል። የቀረው የዓለም ሕዝብ ሁሉ 890 ላይ ተጠጋግቶ ይቆማል። አማርኛ 892 ውስጥ ከነጥብ በኋላ ይገኛል። ጋሞኛን በቋንቋዎች ክፍል ብትፈልጉት ከኩሽና ከሌሎች የኦሞ ቋንቋዎች ጋር 493.5 ሥር ተደርቦ ታገኙታላችሁ። ለኒው ዮርክ ይህ ይበቃል። በእኛ በጋሞ፣ ለጨንቻ፣ ለቦንኬ ወይም ለካምባ ትምህርት ቤት ግን ዋናው መጽሐፍ ከነጥብ በኋላ ሊገባ አይችልም።

የእኛ ልጆች በሦስት ቋንቋና በሁለት ፊደል ነው የሚያነቡት። ጋሞኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አማርኛ በግእዝ ፊደል፤ እንግሊዝኛ እንደገና በላቲን። ስለዚህ የመጀመሪያው መለያ ቋንቋ ይሁን እላለሁ። ለዚህ ደግሞ ቀለም ከጋሞ ባህላዊ ልብሳችን ከዱንጉዛ እንውሰድ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ጋሞኛው ቀይ፣ አማርኛው ቢጫ፣ እንግሊዝኛው ጥቁር ወረቀት በመጽሐፉ ጀርባ ታችኛው ጫፍ ይለጠፍበት። ገና ፊደል ያልጨረሰ ልጅም ቀለሙን አይቶ መጽሐፉን ወደ ቦታው ይመልሳል። የዱዊ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ከ7ኛ ክፍል በላይ ይግባ፤ ያን ጊዜ ልጁ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ መሆኑን ይማር፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መደርደሪያ አያስደነግጠውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። «የአካባቢ ቋንቋ» የሚል አንድ መደርደሪያ አቁሞ ጋሞኛውን፣ ወላይትኛውንና ጎፍኛውን በአንድ ላይ ማጎር ቀላል ይመስላል። ግን በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ ያዋሐደ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ነበር። በወላይታ ሶዶ ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ ተነሣ፤ መጽሐፉም ቀረ። ሰው የቋንቋውን ስም ከመጽሐፉ ላይ ሲያጣ ዝም አይልም። መደርደሪያው ላይ የምንጽፈውም ስም ከዚህ አያንስም። ለየቋንቋው የራሱን ስም ጻፉለት፣ ያሉት መጻሕፍት አምስት ብቻ ቢሆኑም።

ልብ ወለዱን በደራሲ ስም እንደርድረው። በማን ስም? እዚህ ላይ ብዙ ስሕተት አያለሁ። ካታሎጉ ከፈረንጅ ስለተቀዳ ብቻ በዓሉ ግርማ «ግርማ፣ በዓሉ» ተብሎ ከ«ገ» ጋር ይቀመጣል። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። በዓሉ «በ» ላይ ይቁም። ማዕረግም አይቆጠርም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ብ» ላይ የሚፈልግ ሰው ስንፈልግ እንውላለን። እኒህ ሰው ደግሞ ገና በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዘርዝረው ካታሎግ ያሳተሙ ናቸው። መጻሕፍትን መመዝገብ ትናንት ከውጭ የመጣብን ሥራ አይደለም።

ፊደሉም ራሱ ጣጣ አለው። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁን አንዱ በሃሌታው «ሀ»፣ ሌላው በሐመሩ «ሐ» ይጽፋቸዋል። ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» እንግዲህ የት ይቁም? የኔ ፍርድ አጭር ነው፤ ለመደርደር ብቻ ሲባል ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይግቡ። አጻጻፉ በሽፋኑ እንዳለ ይቆይ። የግእዝ ሊቃውንት ይቆጡኛል፤ እነ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላታቸውን በአበገደ ቅደም ተከተል እንዳዘጋጁም አልረሳሁም። ልጁ ግን ክፍል ውስጥ የተማረው ሀ ሁ ሂ ነው፤ መደርደሪያውም እሱን ይከተል። በጋሞኛው በኩል እንደ «ሽ» ያሉ ድምፆች በሁለት ፊደል ስለሚጻፉ፣ ራሳቸውን የቻሉ ፊደል ሆነው ይደርደሩ አይደርደሩ የቋንቋው መምህራን ወስነው ለሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ዝርዝር ቢሰጡን እንገላገል ነበር።

ስለ እንጨቱ ጥቂት ልበል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ጨንቻ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የመጻሕፍቱ ጠላት ግን ይለያያል። ታች ምስጥ ነው፤ ላይ ጭጋግና ሻጋታ። ለሁለቱም የሚበጀው መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ፣ የታችኛውንም ጣውላ ከወለሉ ከፍ ማድረግ ነው። ቆላ ላይ እግሩ በብረት ቢሆን ይመረጣል። ለታችኛው ክፍል ልጆች የላይኛው ረድፍ ከ1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። እያንዳንዱም ረድፍ ሲሶው ባዶ ይሁን፤ ታፍኖ የተሰካ መጽሐፍ ሲጎተት ጀርባው ይገነጠላል።

ይህ ሁሉ ግን ያ መስኮት ካለ ከንቱ ነው። ስለዚህ የመጨረሻ ቃሌ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞቹ ሳይሆን ለወረዳና ለከተማ ትምህርትና ፋይናንስ ኃላፊዎች ነው። በየዓመቱ በንባብ ብዛት የሚያልቅና የሚጠፋ መጽሐፍ እንዳለ ተቀብላችሁ፣ ልኩን ወስናችሁ፣ ከዚያ ልክ ያላለፈውን ከሠራተኛው ስም የምትሰርዙበትን መመሪያ ጻፉለት። መመሪያው የተፈረመ ዕለት ጣውላውን ከመስኮቱ የሚያነሣው ሠራተኛው ራሱ ነው።