ከደጋሐቡር እስከ መልካ ዲዳ
(በደብራችን የምሥረታ በዓል ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በኦስሎ የሚያድጉ ልጆቻችን ስለ ጦርነት በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ከዚያም ወደ እኛ መጥተው ይጠይቃሉ። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ «በጣሊያን ጊዜ የእኛ ሰዎችስ ክፉ አልሠሩም?» አለኝ። የመለስኩለት በዚህ ታሪክ ነው።

ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ምክትል መቶ አለቃ ቲቶ ሚኒቲ የተባለ የ26 ዓመት ጣሊያናዊ አብራሪ፣ ከባልደረባው ከሊቪዮ ዛኖኒ ጋር ሳለ፣ ቃኚ አውሮፕላኑን በኦጋዴን በደጋሐቡር አቅራቢያ ለማሳረፍ ተገደደ። ሁለቱም በሕይወት አልተመለሱም። የጣሊያን መንግሥት ተሠቃይተው አንገታቸው እንደ ተቆረጠ ለዓለም አወጀ፤ አሟሟታቸው ግን የታሪክ ጸሐፊዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከአራት ቀን በኋላ፣ የቅዱስ ገብርኤል በዓል በዋለ ማግሥት፣ በገናሌ ዶርያ ወንዝ አጠገብ በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ከአየር ተደበደበ። ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር የመጡ ብዙ ቁስለኞች አለቁ። የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ፤ ረዳታቸው ጉናር ሉንድስትረም ሞተ። ድብደባውም የመርዝ ጋዙም ለአብራሪው ደም የተከፈለ በቀል ነው ተባለ።

በምህንድስና፣ አንድ ነገር ሲሰበር አስቀድመን የምንጠይቀው የትኛው እንደ ቀደመ ነው። ሙሶሎኒ ጄኔራል ግራዚያኒን በጋዝ እንዲጠቀም የፈቀደለት ጥቅምት 16 ቀን፣ አብራሪው ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት ነበር። በተከዜ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ መርዙ የወረደው ታኅሣሥ 13 ቀን፣ ሦስት ቀን አስቀድሞ ነው። ውጤት ከምክንያቱ አይቀድምም። እንግዲህ የአብራሪው ሞት ለግፉ መሸፈኛ ሆነ እንጂ መነሻ አልነበረም።

ነገር ግን ልጁን «እኛ ንጹሓን ነን» አላልኩትም። ከሰማይ የወደቀና መሣሪያውን ያጣ ሰው፣ ጠላት ቢሆንም፣ በእጃችን የተሰጠ አደራ ነው። እርሱን መግደል፣ ማንም ቢያደርገው፣ ኃጢአት ነው። ይህን ለመናገር የምንፈራ ከሆነ ስለ መልካ ዲዳ የምንመሰክረው ምስክርነት ይደክማል።

የሬጂዮ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያ በሚኒቲ ስም ይጠራል። በመልካ ዲዳ ድንኳኖች ውስጥ የወደቁትን ቁስለኞች ግን በስማቸው የሚጠራቸው ጥቂት ነው። በዚያው ጦርነት ከዚህች አገር ከኖርዌይም በዶክተር ጉናር ኡላንድ የሚመራ የቀይ መስቀል ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ቁስለኞቻችንን አክሟል። ዛሬ ያስጠጋን ሕዝብ በክፉ ቀናችን ደርሶልን ነበር።

ስለዚህ በዚህ በዓል ሙታንን ስናስብ ቁስለኞቹን፣ ሐኪሞቹን፣ አብራሪውንም እናስብ። ለልጆቻችንም እውነቱን ሳንሸራርፍ እናስረክባቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።