ኳሱን ለማን ታቀብላላችሁ?

ዛሬ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች እነግራችኋለሁ። እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ፤ ራግቢ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ በእጅ ይዘውት ይሮጣሉ። አንድ ሕግ ግን አለ፦ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። የሚቀበላችሁ ከጎናችሁ ወይም ከኋላችሁ ያለው ነው። ይህችን ሕግ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሰውየው ጃክ ካይል ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። ሕክምና እየተማረ ለአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። በ1948 አየርላንድ እዚያው ቤልፋስት ላይ ዌልስን 6 ለ 3 ረታች፤ በአምስቱ አገሮች ውድድርም ተጋጣሚዎቿን ሁሉ አሸነፈች። እንዲህ ያለ ድል ዳግመኛ ያየችው ከ61 ዓመት በኋላ ነው! ካይል ለአገሩ 46 ጊዜ ተጫውቷል። በዚያ ዘመን ራግቢ ደመወዝ አልነበረውም፤ የተጫዋቹ ክፍያ ጭብጨባ ነበር።

በ1958 ከብሔራዊ ቡድኑ ወጣ። ታዲያ ጭብጨባው ሲያበቃ ሰው ምን ይሆናል? ዶክተር ካይል ኢንዶኔዥያ ሄዶ ሠራ። ከ1966 ጀምሮ ደግሞ በዛምቢያ፣ ቺንጎላ በምትባል የመዳብ ማዕድን ከተማ፣ ከ30 ዓመት በላይ በቀዶ ሕክምና አገለገለ። ከታካሚዎቹ ስንቱ ራግቢ የሚባል ነገር ሰምቶ ይሆን? ቢላዋው ሥር የተኛ ሰው የሚፈልገው ዝናውን ሳይሆን እጁን ነበር።

ወገኖቼ፣ ሰው በሥራው ይድናል እያልኩ አይደለም፤ መዳን በጸጋ ነው። ነገር ግን ጌታ ስለ መክሊቱ የተናገረውን አስቡ። ያ ባሪያ መክሊቱን አልሰረቀም፣ አላባከነም፤ ቀበረው እንጂ። ጥፋቱ ይኸው ነው።

እኛስ? "ድሮ እኔ ስሰብክ!" እያልን በትናንት ጭብጨባ የምንኖር የለንም? እኔ ራሴ ከኃላፊነት ስነሣ አንድ ዓመት ሙሉ አኩርፌ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ እሑድ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት እንደሚጠና ያሳዩኛል?" አለኝ። አፈርኩ። ለካ ኳሱ እጄ ላይ ነበር! እኔ ያጣሁት መድረኩን ብቻ ነው።

አሁን ወደዚያች ሕግ ልመለስ። ጌታ የሰጣችሁ ነገር፣ እውቀትም ይሁን ጉልበት ወይም ገንዘብ፣ የሚተላለፈው ከኋላ ለሚመጣው ነው። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከኋላህ ማን አለ? ከኋላሽ ማን አለ? ይህን ወረቀት ከማጠፋችሁ በፊት የአንድ ሰው ስም በልባችሁ ያዙ። ነገ ሳይሆን ዛሬ ደውሉለት።

ጌታ ሆይ፣ የቀበርነውን እንድናወጣ እርዳን። አሜን።