ድምፁ ከመልኩ ቀድሞ የተሰማ ዘፋኝ



በዚህ የምሥረታ በዓል እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ አንድ ዘፋኝ ልንናገር ቆመናል። «ከዘፋኝ ምን ይገኛል?» የምትሉን ብትኖሩ፣ ታሪኩን ሰምታችሁ ፍረዱ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻርሊ ፕራይድ በ1934 በአሜሪካ፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ስሌጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በሰው መሬት ጥጥ የሚያመርቱ ጭሰኛ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም አሥራ አንድ ነበሩ። ልጁ ጥጥ ሲለቅም ይውልና ማታ በአባቱ ራዲዮ ከናሽቪል ከተማ የሚተላለፈውን የካንትሪ ዘፈን ያዳምጥ ነበር። ካንትሪ የአሜሪካ ባላገር ዘፈን ነው። በዚያን ጊዜ የነጮች ብቻ ይባል እንጂ፣ ከመሣሪያዎቹ አንዱ የሆነው ባንጆ አመጣጡ ከምዕራብ አፍሪካ ነው።

ፕራይድ አስቀድሞ የተመኘው ቤዝቦል ተጫዋች መሆንን ነበር። በጥቁሮች ቡድን ተጫወተ፣ ወታደርም ሆነ፤ ኋላም በሞንታና ግዛት በማዕድን ማቅለጫ ፋብሪካ እየሠራ ማታ ማታ ይዘፍን ነበር። በ1966 አር ሲ ኤ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያ ሸክላውን አወጣለት። ነገር ግን ሸክላው ወደ ራዲዮ ጣቢያዎች ሲላክ የዘፋኙ ፎቶግራፍ አብሮ አልተላከም። ድምፁን ወደዱ፣ መልኩን ደበቁ። በዲትሮይት መድረክ ላይ በወጣ ጊዜ ስሙን ሰምቶ ያጨበጨበው ሕዝብ፣ ባየው ጊዜ ዝም አለ። እሱ ግን በቆዳው ቀለም ቀልዶ መዝፈን ጀመረ፤ ጭብጨባውም ተመለሰ።

በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አርቲስት አለው። ሃያ ዘጠኝ ዘፈኖቹ አንደኛ ወጡ። በ2000 በካንትሪ የክብር አዳራሽ ስሙ የተመዘገበ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በታኅሣሥ 2020 በ86 ዓመቱ በኮሮና በሽታ አረፈ።

በዚህ ታሪክ እኛ እርስ በርሳችን ተከራክረናል። ከፊላችን «ፎቶግራፉ ሲደበቅ እምቢ ማለት ነበረበት» አልን፤ ከፊላችን «እምቢ ቢል ማን ይሰማው ነበር?» አልን። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፤ ነውሩ የዘፋኙ ሳይሆን፣ ሳይሰማ በመልክ የሚፈርደው ገበያ ነው። አንድ ሰው በር ማለፉም በሩ ለሁሉ ተከፈተ ማለት አይደለም። ፕራይድ በ1983 ለመጨረሻ ጊዜ አንደኛ ከወጣ በኋላ፣ ሌላ ጥቁር ዘፋኝ ብቻውን ዘፍኖ እዚያ ደረጃ የደረሰው ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2008 ነበር፤ እሱም ዳሪየስ ራከር ነው።

እኛም ከዚህ ግቢ ወጥተን አንድ ቀን ቀጣሪዎች፣ አስተማሪዎች፣ ዳኞች እንሆናለን። ያን ጊዜ በፊታችን የቆመውን ሰው «የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ?» ከማለታችን በፊት «የምትችለውን አሳየን» እንበለው። ከጭሰኛው ልጅ የተማርነው ይህን ነው።