በአንድ መስመር ላይ ያሉ የኤሌክትሪክ ሙሎች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተሰማ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የመረጥነው በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን አንድ ሕግ ነው። ነገሩ በሰሌዳ ላይ ብቻ እንዳይቀር፥ ከጭላሎ ተራራ ሥር ለምንኖር ለእኛ ምን እንደሚጠቅም ጨምረን እናስረዳለን።

በበጋ ወራት ደረቅ ፀጉር ያበጠርንበት ማበጠሪያ ብጥስጣሽ ወረቀት ይስባል። ይህም የሚሆነው በመፋተጉ የኤሌክትሪክ ሙል፥ ማለት ቻርጅ፥ ስለሚያገኝ ነው። ሙል ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ፖዘቲቭ፥ ሁለተኛው ኔጋቲቭ ይባላል። አንድ ዓይነት የሆኑት ይገፋፋሉ፤ ልዩ ልዩ የሆኑት ይሳሳባሉ። የኃይሉን መጠን ፈረንሳዊው ሻርል ኩሎም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1785 ዓ.ም. መርምሮ አስታወቀ። ከሁለቱ የአንዱ ሙል እጥፍ ቢሆን ኃይሉም እጥፍ ይሆናል፤ ርቀቱ እጥፍ ቢሆን ግን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ምሳሌ እንስጥ። በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ፥ በ3 ሜትር ርቀት፥ ሁለት ፖዘቲቭ ሙሎች ይኑሩ፤ የግራው 4 እጅ፥ የቀኙ 1 እጅ ይሁን። በመካከላቸው ሦስተኛ ፖዘቲቭ ሙል ብናስቀምጥ ሁለቱም ይገፉታል። የትኛው ያሸንፋል? ከትልቁ 2 ሜትር፥ ከትንሹ 1 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ ማንም አያሸንፍም። እያንዳንዱን ሙል ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ቍጥር ብናካፍል፥ 4 ለ4 አንድ ነው፤ 1 ለ1ም አንድ ነው። ትንሹ በቅርበቱ ከትልቁ ጋር እኩል ሆነ። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንዳሉት ነው።

አሁን ወደ ሰማይ እንመልከት። ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር በሚበልጠው በጭላሎ ላይ በክረምት ደመና ይከማቻል። በደመናው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እየተጋጩ ሙልን ይለያያሉ፤ ብዙውን ጊዜ ኔጋቲቩ በደመናው ግርጌ ይሰበሰባል፤ በምድርም ላይ ያለውን ፖዘቲቭ ይስባል። ደመና ነጥብ ስላልሆነ የሰሌዳው ሒሳብ እንዳለ አይሠራለትም፤ ቅርበት ኃይልን ማብዛቱ ግን አይቀርም። ስለዚህ በገላጣ ሜዳ ለብቻው የቆመ ጽድ፥ በጉብታ ላይ ያለ እረኛ፥ በፈረስ የተቀመጠ መንገደኛ ከሌላው ይልቅ ለመብረቅ የተጋለጡ ናቸው።

ዝናብ ሲመጣ ከብት ጠባቂ ታናናሾቻችን ወደ ዛፍ ሥር ይሮጣሉ። ከዝናብ እንሸሻለን ሲሉ ለመብረቅ ይቀርባሉ። ክቡራን ወላጆች፥ ይህን ንገሯቸው፤ ነጐድጓድ ሲሰሙ ከጉብታ ይውረዱ፥ ከብቸኛ ዛፍ ይራቁ፥ በቅርብ ወዳለ ጠንካራ ቤት ይግቡ፤ የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይወጡ ይቆዩ። ልብስ ቢርስ ይደርቃል፤ የጠፋ ልጅ ግን አይመለስም።

እኛ ይህን ሕግ ለፈተና ተምረነዋል፤ ለእነርሱ ግን ሕይወት ነውና ወደየቤታችን ስንሄድ ይዘነው እንሂድ።